የክበባችንን ዜና ከነፎቶው እንለጥፍ ወይስ ይቅር? (32 መልሶች)

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን መልሶ እየጠየቀ ስላስቸገረ፣ ከመጀመሪያው መልስ እስከ 32ኛው ድረስ የተባለውን በራሴ አንደበት ልናገርና ልገላገል። ያዳላሁበት ቦታ ካለ ክሩ እዚያው ነው፤ ወርዶ ማንበብ ይቻላል።

ክበባችን ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ግርጌ ባለ መንደር የሚገኝ የበጎ ፈቃድ ክበብ ነው። አባላቱ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎችና አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ወርኃዊ መዋጮ አለን። አዳማና አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ዓረብ አገር የተሰደዱ የሰፈራችን ልጆችም ያቅማቸውን ይልካሉ። በሐምሌ የአንዲት እናት ቤት ጣሪያ ቀየርን። ዝገት ወንፊት ያደረገውን ቆርቆሮ አውርደን አዲስ መታን፣ አንዱን ግድግዳ በጭቃ መረግን። እሳቸውም ቡና አፍልተው፣ እስከ በረካው አስቀምጠው መረቁን። ማታውኑ በክበቡ ገጽ ላይ ዘጠኝ ፎቶ ለጠፍኩ። ከዘጠኙ በአምስቱ እሳቸው አሉበት፤ በአንዱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያለቅሳሉ። በሦስተኛው ቀን ጂዳ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ደወለች። አልተቆጣችም። የእናቷን ፊት ከዚያ እንዳወርድላት ለመነችኝና ስልኩን ዘጋችው።

አወረድኩት። ኮሚቴው ግን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ለሰጪው ማስረጃ ካላሳየን የሚቀጥለው ቤት ቆርቆሮ ከሰማይ አይወርድም ባይ ነው። ሌላው ግማሽ እናቱ እንዲህ ብትታይ ደስ የሚለው ካለ እጁን ያውጣ አለ፤ ማንም እጁን አላወጣም፤ ክርክሩ ግን ቀጠለ። ለመስከረም ደብተር ለማደልና ደም ለመለገስ ስላሰብን ከዚያ በፊት መቁረጥ ነበረብን። እኔም ጥያቄውን እዚህ አወጣሁት፤ እሳቸው የሌሉባቸውን የቀሩትን አራት ፎቶዎች አያይዤ ተኛሁ።

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። ዕድሜና ጤና ተመኝቶልን፣ አብሽሩ ብሎን፣ ስለ ጥያቄው አንድም ቃል ሳይጽፍ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ መጀመሪያ ላይ አይጠፋም፤ እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ። 2ኛዋ ደም የሚለገሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቁርስ ተበልቶ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም፤ ጥያቄዋ እስከ 19ኛው ድረስ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ክርክሩን የለኮሰው 3ኛው ነው። አዳማ የሚነግድ የሰፈራችን ልጅ ሲሆን ለቆርቆሮው ገንዘብ ከላኩት አንዱ ነው። የሚልከው ከትርፉ ሳይሆን ከጉሮሮው ነጥቆ መሆኑን፣ ከዚህ ቀደም ለሌላ ማኅበር ልኮ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳያውቅ መቅረቱን አስታወሰን። ስለዚህ ቤቱንም፣ የቤቱን ባለቤትም፣ ቆርቆሮውን የተሸከመውንም ማየት መብቱ ነው ባይ ነው። መጨረሻ ላይ ፎቶ የጠላ እርዳታም ይጥላ የሚል መስመር ጨመረበት። ያቺ መስመር ባትኖር ግማሹ ሰው ከእሱ ጋር ይቆም ነበር።

4ኛዋ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የምታስተምር መምህርት ናት። አስተያየት አልሰጠችም፤ አንድ ነገር ብቻ ነገረችን። በትምህርት ቤቷ ተማሪ ተሰልፎ፣ ባንዲራው ሥር፣ ስም እየተጠራ ደብተር ታደለ። በየሽፋኑ ላይ የሰጪዎቹ ክብ ሰማያዊ ማኅተም ተመትቶበታል። ከታደላቸው ልጆች አንዱ ደብተሮቹን ሁሉ በጋዜጣ ሸፈናቸው። ደብተር በጋዜጣ መሸፈን የተለመደ ነው፤ ይህ ልጅ ግን ማንም እንዳይገልጠው ጠርዙን ዙሪያውን በሙጫ አጣበቀው። አንድ ቀን ዝናብ መትቶት መጣ፤ ጋዜጣው ሲረጥብ ሰማያዊው ማኅተም ከሥር ብቅ አለ። ልጁ ያን ቀን ሙሉ ደብተሩን በክንዱ ተጭኖት ዋለ፤ እሷም የቤት ሥራውን ሳታርመው አለፈች። 5ኛው ያን ልጅ በደንብ እንደሚያውቀው ጻፈ፤ ትምህርት ቤቱ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ ነበረ እንጂ ልጁ እሱ ራሱ ነበር።

ከዚያ ክሩ ትንሽ ተንሸራተተ። 6ኛው ከኮምቦልቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ደሴዎች የአንድ ቤት ክዳን ቀይረው ይህን ያህል ከተወያዩ፣ አሥር ቤት ቢቀይሩ ሸንጎ ሊጠሩ ነው ብሎ ቀለደ። 7ኛው ደሴ ተቀምጦ ከብርድና ከጭጋግ ጋር ጣሪያ መምታት ቆላ ወርዶ እንደመምታት እንዳልሆነ መለሰለት። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ አንዷ ከ2400 ሜትር በላይ ተንጠልጥላለች፣ አንዷ 1850 ሜትር አካባቢ ተዘርግታለች፣ መሃላቸው ሀረጎ አለ፤ ሙግቱም ከዚያ ዳገት ጋር ሳይጀመር አልቀረም። 8ኛዋ ሁለቱም ወደ ጥያቄው እንዲመለሱ በትሕትና ለመነች። የኮምቦልቻውን ሰው አትርሱት፤ ይመለሳል።

9ኛው አዛውንት ናቸው። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሰው ሁሉ ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። ጥያቄያችንን ከአንድ ጣሪያ አንሥተው ወደ ወሎ ታሪክ ወሰዱት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም የተነሣውን ምስል ለዓለም አሳየ፤ ካሜራውን የያዘው ሞሐመድ አሚን፣ የተናገረው ማይክል በርክ። ዓለም አለቀሰ፣ እህልም መጣ። ያ ምስል ግን እህሉ ካለቀ በኋላም አልተመለሰም አሉ። እሳቸው ለትምህርት ከአገር በወጡ ጊዜ ከወሎ መሆናቸውን በተናገሩ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ ስለ ረሃብ ነበር፤ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወይም ስለ ላሊበላ የጠየቃቸው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። በምስሉ ላይ ካሉት ሰዎች ስሙን የተጠየቀ እንዳልነበረም ጨመሩ። ስለዚህ ካሜራ ይዞ የድሀ ፊት ላይ ለመቆም ከሰው ሁሉ መጨረሻ መሆን ያለበት ወሎዬ ነው ብለው ዘጉ።

እኔ ይህ ነገሩን የዘጋው መስሎኝ ነበር። 10ኛዋ ከፈተችው። በዚያ መጠለያ ውስጥ ከእናቷ ጀርባ ላይ የነበረች ሕፃን ናት፤ ዛሬ የልጆች እናት ሆናለች። ያ ምስል ያመጣውን ስንዴ የበላች መሆኗን፣ ምስሉ ባይነሣ ክብሯ ተጠብቆ ትሞት እንደነበር፣ የተጠበቀ ክብር ደግሞ ለሬሳ ምንም እንደማያደርግ ጻፈች። ከዚያ በፊት የነበረውንም አስታወሰች። የ1965ቱ ረሃብ ሲመጣ ፎቶ አልነበረም፤ መንግሥት ሸሸገው፤ ሰው በየመንገዱና በየጎጆው አለቀ፤ ነገሩ የወጣው በ1966 መጀመሪያ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው። ከማፈር መሸሸግ ይከፋል፣ እኛ ሁለቱንም ቀምሰናል ነው የምትለው። ቃሏ ስለታም ነበር፤ ግን አንድም ስድብ የለበትም።

11ኛው የእሳቸው የአዛውንቱ ነው። መመለስ እንደማይችሉ፣ ለእሷ እንደሚያጎነብሱ ጻፉ። አንድ ነገር ብቻ ለዩ። ሰው እየሞተ ድረሱልኝ የሚል ምስልና ጣሪያው ተከድኖ ካለቀ በኋላ አመስግኑን የሚል ምስል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለሚሞተው ነው የሚነሣው፤ ሁለተኛው ለማን እንደሚነሣ ጸሐፊው ይንገሩን አሉ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ለማን እንዳነሣሁት ለጥቂት ጊዜ አስቤ መልሱ ስላላማረኝ ሳልጽፍ ቀረሁ።

12ኛው መውጫ አመጣ። አባቱ የቅሬ ጸሐፊ እንደነበሩ፣ መዝገቡም ሰፊና ባለ መስመር፣ ጠርዙ በጨርቅ የታሰረ እንደነበር ነገረን። በየስብሰባው ቆመው ያነቡታል፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ከቀብር የቀረ ማን ተቀጣ፣ ስንት ሳህን ተሰበረ፣ ድንኳኑ የት ተቀደደ። ሒሳቡ አንድ ብር ከጎደለ ማንም ከመቀመጫው አይነሣም። የተረዳ ሰው ስም ግን ተጠርቶ አያውቅም፤ ለሐዘንተኛ የተሰጠ ተብሎ በቁጥር ብቻ ይታለፋል። አዳማ ያለው ወንድማችን የሚፈልገው መተማመኛ ከሆነ ደረሰኝ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት፣ እንባ ደረሰኝ አይደለም አለ። ከመልሶቹ ሁሉ ብዙ ሰው የወደደው ይህን ነው።

13ኛው አዲስ አበባ የተወለደ ወጣት ስለ ቅሬ ምንነት ጠየቀ። 14ኛዋ በትዕግሥት አስረዳችው፤ እናንተ እድር የምትሉት ነው፣ ነገር ግን በገጠሩ ወሎ ሥራው ከቀብር ይሰፋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀመጣል፣ ጠብ ያበርዳል፣ ጥፋተኛ ይቀጣል፤ ከቅሬ የተለየ ሰው ከጎረቤት እሳት እንኳ አይጫርለትም። ወጣቱ ከቅጣቱ ጽናት የተነሣ ደነገጠ መሰለኝ፤ ተመልሶ አልጻፈም።

15ኛው ግን ይህን እንደ ሰይፍ አነሣው። ቅሬ እያለ ክበብ ለምን አስፈለገ? ክበብ ማለት ደረቱ ላይ ዓርማ ለጥፎ፣ ሆቴል ምሳ በልቶ፣ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ዓመት እያከታተለ ችግኝ የሚተክል የሰው ስብስብ ነው፤ የፈረንጅ ወግ ነው፤ ሮታሪውም ሊዮንሱም ያው ነው ብሎ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ስለ ጉድጓዱ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ቦታውን አውቀዋለሁ።

16ኛው የጤና ባለሙያ ነው፤ ረጅም መልስ ጻፈ። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ የተጀመረ መሆኑን፣ ወጉ የውጭ መሆኑንም አልካደም። ነገር ግን ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1985 ፖሊዮን ለማጥፋት ሲነሣና ከሦስት ዓመት በኋላ የዓለም ዘመቻው ሲጀመር፣ በሽታው ከ125 በሚበልጡ አገሮች በየዓመቱ 350,000 ያህል ሰው ሽባ ያደርግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና ከዱር የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ። ሊዮንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 ተመሠረተ፤ በ1925 ዓይነ ስውሯ ሄለን ኬለር ጉባኤያቸው ላይ ቆማ ለዓይን እንዲዘምቱ ከለመነቻቸው ወዲህ የዓይን ነገር ሥራቸው ሆነ። እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ በትራኮማ ላይ ለሚደረገው ዘመቻ ከካርተር ማዕከል ጋር ገንዘብ ካወጡት መካከል እነሱ ይገኙበታል።

ይህ ሁሉ ከመጽሐፍም ይገኛል። ከመጽሐፍ የማይገኘው ቀጥሎ የጻፈው ነው። አያቱ አንገታቸው ላይ በክር ያሰሯት ወረንጦ ነበረቻቸው። ትራኮማ የቆየበት የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል፤ እሳቸው ጧት ጧት በር ላይ ፀሐይ ገጥመው ይቀመጣሉ፣ እሱን ይጠሩታል፣ እሱ ትንሽ ልጅ ዓይኑ ያያልና ፀጉሮቹን አንድ በአንድ ይነቅልላቸዋል። ተመልሶ ይበቅላል፤ እንደገና ይነቅላል። ኋላ አንድ ጠዋት በጤና ጣቢያ ቆባቸው በቀላል ቀዶ ሕክምና ተስተካከለ። ወረንጦዋን የት እንደጣሏት እንኳ አያውቅም። ያን ቀዶ ሕክምና ያደረገላቸው ሰው ደረቱ ላይ ዓርማ ነበረው ወይስ አልነበረውም ብሎ እንዳልተመለከተም ጻፈ።

17ኛው ያው የ15ኛው ሰው ነው። ዓርማው ይፈቀድላችሁ አለ፤ የሆቴሉ ምሳ ግን አሁንም አይዋጥለትም። እኔም አይዋጥልኝም፤ ደግነቱ ክበባችን ሆቴል የሚያበላ ገንዘብ ኖሮት አያውቅም።

18ኛው የሕግ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ አጭርና ደረቅ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም፤ ክበብ ግን እድር አይደለምና ቅሬ ነን ብላችሁ አትሸሸጉ ይላል። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ከሆነ ምዝገባው የሚታየው በክልሉ ነው። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ አዋጁ ባይመለከታችሁም እንኳ ቁጥሩን እንደ ልጓም ያዙት፣ ዘገባችሁ ላይም ጻፉት አለ። ጥሩ ምክር ነው። ዘንድሮ ከ20 በመቶ በታች መሆናችንን ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ደረሰኞቹን ደምሬ ነው፤ ቀድሞ ደምሬው አላውቅም ነበር።

19ኛዋ በደም ባንክ የላቦራቶሪ ሥራ ላይ ያለች ባለሙያ ናት። መጀመሪያ 2ኛዋን መለሰችላት፤ አዎ፣ ቁርስ ተበልቶ፣ ውኃም ተጠጥቶ ነው የሚመጣው። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት 45 ኪሎና ከዚያ በላይ፤ የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። በመስከረም አንድ ቀን ሁለት መቶ ሰው እናሰልፋለን ብለን የጻፍነው እንዳላስደሰታት ሳትደብቅ ተናገረች። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ የሚቆየው እንደ ከረጢቱ ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ነው፤ ደም የሚያረጋው ክፍል፣ ፕሌትሌት፣ ደግሞ አምስት ቀን ብቻ። በአንድ ቀን የተከመረ ደም አብሮ ይገባል፣ አብሮ ያረጃል፤ በኅዳር አንዲት ወላድ ስትደማ የመስከረሙ ሰልፍ ፎቶ አይረዳትም። ሁለት መቶ ሰው ካላችሁ በየሳምንቱ አሥራ አምስት አሥራ አምስት አድርጋችሁ ላኩልኝ፤ አንድ ሰው በየሦስት ወሩ መመለስ ስለሚችል ሰልፉ ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ ይደርሳሉ አለች። ዜና እንደማይሆንም ታውቃለች። አሥራ አምስት ሰው ሐሙስ ዕለት ሄዶ ደም ሰጠ ብሎ ማን ያነበዋል?

20ኛዋ መርፌ እንደምትፈራ ጻፈች፤ 21ኛው እሱም እንደሚፈራ ግን ወደ ጎን ዞሮ እንደሚሰጥ አጽናናት። እዚያው ተቀጣጠሩ። ክሩ ቢያንስ አንድ ፍሬ አፍርቷል።

አሁን ኮምቦልቻው ሰው ይመለሳል። 22ኛው መልስ የእሱ ነው። ሥራው አናጢነት መሆኑን ያኔ ነገረን። ስለ ፊት ስትከራከሩ እኔ ጣሪያውን ሳይ ነበር አለ። ያያያዝኩትን ሦስተኛ ፎቶ አስፍቶ ሲያየው፣ የቆርቆሮ ሚስማሮቹ የተመቱት በጉብታው ላይ ሳይሆን በቦዩ ውስጥ ነው። ቆርቆሮ ጉብታና ቦይ የተሠራው ውኃው በቦዩ እንዲወርድ ነው፤ ሚስማር በጉብታው ላይ ሲመታ ቀዳዳው ከውኃው በላይ ይቀራል፤ በቦዩ ሲመታ ግን ቀዳዳው ወንዝ መሃል የተከፈተ በር ይሆናል። ላስቲኩ አዲስ ሳለ ለጥቂት ቀን ይይዝ ይሆናል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው አለቀ። ቆርቆሮውም ባለ 32 ጌጅ የሚመስል ስስ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብረቱ እንደሚሳሳ ሻጩ ነግሯችሁ እንደሆን ጠየቀ። አልነገረንም፤ እኛም 32 ከ28 ይበልጣል ብለን ነው የገዛነው።

በዚህ አላበቃም። በሐምሌ ግድግዳ መምረግ ምን ይሉታል አለ። ጭቃና ጭድ ፀሐይ ካላገኘ አይያዝም፤ ይንሸራተታል ወይም ይሻግታል። ጣሪያ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፤ ምርጊት ከጥቅምት እስከ ጥር፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ፤ የወሎ ደጋ ሰው ይህን ከአያቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እናንተ ግን በክረምት የምትሠሩት ተማሪው የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ ነው፤ ቤቱ የትምህርት ቤት ካላንደር አያውቅም ብሎ ጨረሰ። በፎቶው ላይ ጣሪያው ላይ ካለው ሰው ይልቅ መሬት ላይ ስልክ የያዘው እንደሚበዛም መቁጠሩን አልረሳም። አራት ለሁለት ነበርን።

23ኛው የእኛው አባል ነው፤ ስሙን ቀይሮ ቢገባም አጻጻፉን አውቀዋለሁ። ነደደ። ሠርቶ ከማያውቅ ተቺ ይልቅ አጣሞ የሚመታ ይሻላል፣ ቆላ ተቀምጦ ደጋ መተቸት ቀላል ነው፣ ሌላም የማልደግመውን አለ። 24ኛው አናጢው ነው፤ አልተሳደበም። ከመናገር ውጪ ምን እንደሠራ ለተጠየቀው፣ ስንት ጣሪያ እንደመታ ቆጥሮ እንደማያውቅ ግን ያፈሰሰበትን አንዱን አሁንም እንደሚያስታውስ፣ ያም የገዛ አክስቱ ቤት እንደሆነ መለሰ። 25ኛዋ ለእነዚህ ሁለቱ አበጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ይጠራ ብላ ቀለደች። 26ኛው የእኛው ሰው ይቅርታ ነው፤ ግማሽ ይቅርታ ልበለው፣ ሁለተኛው ግማሹ ገና በመንገድ ላይ ነው።

27ኛው መልስ አንድ መስመር ብቻ ናት። የጻፈችው ጣሪያቸውን የቀየርንላቸው እናት ጎረቤት ናት። ማታ ማታ ከዚያ ቤት የጣሳ ድምፅ እንደምትሰማ ጻፈች።

ያን ዕለት ሄድኩ። እንደ ልማዳቸው ግባ ልጄ ብለው ምንጣፉን አራገፉልኝ። ጣሳ አላየሁም። ከአልጋው ሥር ወደ ግድግዳው ጥግ የተገፋ አሮጌ ባልዲ ግን ጨርቅ ተደፍቶበት አየሁ፤ ከጨርቁ ሥር ግማሽ ድረስ ውኃ አለ። ወለሉ ላይ ክብ ክብ የሆነ፣ ከሌላው መሬት የጠቆረ ርጥበት በሦስት ቦታ ይታያል፤ ሲፈስ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። አዲሱ ምርጊት ደግሞ ከታች በኩል እንደ ቂጣ ተልጦ ጭዱ ወጥቷል። ለምን እንዳልነገሩን ስጠይቅ ዓይናቸውን ወደ ጀበናው አዞሩ። እንዲያ ደክማችሁ፣ እንዲያ ፎቶ ተነሥታችሁ፣ ያፈሳል ብዬ ላሳፍራችሁ ነው ወይ አሉኝ። ቡና አፍልተው የመረቁን ዕለት አዲሱን ጣሪያ ዝናብ ገና እንዳልመታው ያኔ ነው ያስታወስኩት።

28ኛውን መልስ እኔ ጻፍኩት፤ ያየሁትን እንዳለ፣ የእሳቸውን ማንነት ሳልገልጥ። ከ22ኛው ይቅርታ ጠየቅሁ። 29ኛው አናጢው ነው፤ እሑድ ዝናብ ከሌለ ሀረጎን ወጥቶ እንደሚመጣ፣ ሬንጅና የጨርቅ ቁራጭ እንድናዘጋጅ፣ ስልክ የያዘ ሰው ግን ከአንድ እንዳይበልጥ አዘዘ። 30ኛው የአዳማው ነጋዴ ነው። የሬንጁን ዋጋ ጠየቀ። ስለዚያች መስመሩ ምንም አላለም፤ ወደ ላይ ወጥቼ ሳይ ግን 3ኛው መልስ ውስጥ የለችም፤ አጥፍቷታል።

እሑድ ጧት ጭጋግ ነበር፤ ወደ አራት ሰዓት ገለጥ አለ። አናጢው ቀጭን፣ ንግግሩ ከጽሑፉ የለዘበ ሰው ነው፤ ለእናታችን ከኮምቦልቻ ሎሚ ይዞ መጣ። በቦዩ ውስጥ የነበሩትን ሚስማሮች አንድ በአንድ ነቅለን በጉብታው ላይ መታናቸው፤ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ጨርቅ በሬንጅ ነክረን ደፈንን። ያ 23ኛው አባላችን መሰላሉን ይዞ ቆመ፤ ሲጨርሱ ሁለቱ በአንድ ማሰሮ እጃቸውን ታጠቡ፤ ሌላውን ግማሽ ይቅርታ እዚያ የከፈለ መሰለኝ። ምርጊቱን ለጥቅምት አስተላለፍነው። ባልዲው ከአልጋው ሥር ወጣ።

31ኛው መልስ ላይ የለጠፍኩት ሁለት ፎቶ ነው። አንዱ የሬንጁና የሚስማሩ ደረሰኝ። ሁለተኛው ጣሪያው፦ የቆርቆሮው ጉብታ፣ በላዩ በመስመር የቆሙ የሚስማር ራሶች፣ ከበስተጀርባ ጦሳ። ሰው የለበትም። ጂዳ ላለችው ልጃቸውም ላክሁላት፤ እናቷ ምን እንዳበሰሉ ጠየቀችኝ።

32ኛው መልስ የአናጢው ነው። ፎቶውን አስፍቶ አይቶታል። ከግራ ሦስተኛዋ ሚስማር ጠማማ ናት ይላል። እሷን የመታሁት እኔ ነኝ።